የወደቀውን ማን ያነሣዋል?

የትምህርቱ መነሻ፦ 1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 9፥ ከቁጥር 24 እስከ 27



ቅዱስ ጳውሎስ የክርስትናን ሕይወት ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲያስረዳ በሩጫና በቡጢ ውድድር ይመስለዋል። ተወዳዳሪ ለሚጠወልግ አክሊል ሲል ከብዙ ነገር ራሱን እንደሚከለክል፣ እኛ ግን የማይጠፋውን አክሊል እንደምንጠባበቅ ያሳስበናል። ራሱም ነፋስን እንደሚመታ ሰው በከንቱ ሳይታገል ሥጋውን እያስገዛ እንደሚኖር ይናገራል። የዚህን ትምህርት ጥልቀት እንድናስተውል የአንድ ቦክሰኛን ሕይወት አብረን እንመልከት።

ጆን ሱሊቫን እ.ኤ.አ. በ1858 ዓ.ም. በአሜሪካ ቦስተን አጠገብ በነበረችው ሮክስበሪ፣ ከአየርላንድ ከተሰደዱ ካቶሊካውያን ወላጆች ተወለደ። እናቱ ካህን እንዲሆንላት ትመኝ እንደነበር ይነገራል። እርሱ ግን በጡጫው ብርታት ታወቀ። በየካቲት ወር 1882 በሚሲሲፒ ክፍለ ሀገር ፓዲ ራያንን በ9 ዙር አሸንፎ፣ ያለ ጓንት በባዶ እጅ በሚደረገው ቡጢ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሆነ።

የዚያን ጊዜው ውድድር ሕግ ዛሬ ከምናውቀው የተለየ ነበር። ዙሩ በሰዓት አይለካም፤ ከሁለቱ አንዱ ሲወድቅ ያበቃል። ለወደቀው 30 ሰኮንድ ዕረፍት ይሰጠዋል፤ ከዚያም በ8 ሰኮንድ ውስጥ ማንም ሳይደግፈው በሜዳው መካከል ወደ ተሰመረው መስመር መድረስ አለበት። ካልደረሰ ተሸናፊ ነው። ይህን ሕግ በልባችን እንያዘው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሱሊቫን በአገሩ ዝናው ገነነ። በ1887 የቦስተን ሰዎች አልማዝ የተሰካበት የወርቅ መቀነት ሸለሙት። በመሸታ ቤት ቆሞ በቤቱ ካለው ከማንም ጋር እገጥማለሁ ብሎ ሲፎክር አድናቂዎቹ ከበው ይጋብዙት ነበር። በዕድሜው ካገኘው ከአንድ ሚሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ከሚነገርለት ገንዘብ ብዙውን መጠጥና ብኩንነት በሉት። ትዳሩም ፈረሰ። ማንንም አልፈራም የሚለው ይህ ሰው ከጥቁር ቦክሰኞች ጋር ለሻምፒዮንነት አልገጥምም ብሎ በቆዳ ቀለም አጥር ውስጥ መሸሸጉም ሊሰወር አይገባም። ታሪኩን የምናነሣው ቅዱስ ለማስመሰል አይደለም።

በ1889 ሰውነቱ በመጠጥ ተበላሽቶ ሳለ ከጄክ ኪልሬይን ጋር ሊገጥም ተስማማ። ዊልያም ማልዱን የተባለ አሠልጣኝ በኒውዮርክ ክፍለ ሀገር ወደሚገኘው እርሻው ወስዶ ከመጠጥ ከለከለው፤ በብርቱ ሥራም አደከመው። ሐምሌ 8 ቀን 1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሚሲሲፒ በሪችበርግ፣ በጠራራ ፀሐይ ከሁለት ሰዓት በላይ ተፋለሙ። ከ75 ዙር በኋላ የኪልሬይን ረዳቶች ሽንፈትን ተቀበሉ። ያለ ጓንት የተደረገ የመጨረሻው ታላቅ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ይህ ነበር።

ነገር ግን ያ ሁሉ ጾም ለሚጠወልግ አክሊል ነበርና አክሊሉ ሲገኝ ጾሙም ፈረሰ። ሱሊቫን ወደ ጽዋው ተመለሰ። መስከረም 7 ቀን 1892 በኒው ኦርሊንስ፣ በዚህ ጊዜ በጓንት፣ ወጣቱ ጄምስ ኮርቤት በ21ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው።

ወገኖቼ፤ ውድቀት ብቻውን ሰውን የሚያስተምር ይመስለናል። ሰካራሙን ወንድማችንን «ይዋረድና ይማር» እንላለን። ሱሊቫን ግን በሺህ ሰው ፊት ከወደቀ በኋላ 13 ዓመት ያህል መጠጣቱን ቀጠለ። ውርደት የሰውን ጉልበት ይሰብራል እንጂ ልቡን አይመልስም። የጠፋው ልጅም ወደ ቤቱ ያቀናው የአባቱን ቤት ባሰበ ጊዜ ነው፤ ረኀቡ ቀሰቀሰው፣ የአባቱ ደግነት ትዝታ ግን መንገድ ሰጠው።

በ1905 ሱሊቫን መጠጥን ፈጽሞ ተወ። ከዚያም በየከተማው እየዞረ መጠጥ ምን እንዳደረገበት ለሕዝብ መሰከረ። ለዚህ ድል መቀነት አልተሸለመም፤ ውርርድም አልተያዘለትም። በ1889 ለሳምንታት የታቀበው ሽልማት ስለሚጠብቀው ነበር። አሁን ግን ሽልማት ሳይኖር እስከ ዕለተ ሞቱ ጸና። ከ75ቱ ዙር ይልቅ ቅዱስ ጳውሎስ ወደሚናገረው ተጋድሎ የሚቀርበው ይህ ነው።

በየካቲት 2 ቀን 1918፣ በ59 ዓመቱ፣ ከዚያ ሁሉ ሀብት ጥቂት ብቻ ተርፎት ዐረፈ። በቦስተን በካቶሊካውያን መቃብር ተቀበረ። አስከሬኑን ከሸኙትና ከተሸከሙት መካከል በሪችበርግ 75 ዙር የደበደበው ጄክ ኪልሬይን ይገኝ ነበር። አንድ ጊዜ ሊጥለው የታገለው እጅ በመጨረሻ ተሸከመው።

እንግዲህ ወደዚያ የውድድር ሕግ እንመለስ። በቡጢ ሜዳ የወደቀ ሰው ማንም ሳይደግፈው መነሣት ነበረበት። በክርስቶስ ሕግ ግን ብቻውን የሚነሣ የለም። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣራ ነድለው ወደ ጌታ አቀረቡት፤ ጌታም የእነርሱን እምነት አይቶ ኃጢአቱን ይቅር አለው። 8 ሰኮንድ አልቆጠረበትም።

ስለዚህ በየቁምስናችን ራሳችንን እንጠይቅ። መጠጥን ሊተው የሚታገለውን ሰው በሠርግና በዝክር ላይ «ዛሬ እንኳ አንድ ቅመስ» ብለን ብርጭቆ የምናስይዘው እኛ አይደለንምን? የሱሊቫን አድናቂዎችም ጠላቶቹ አልነበሩም፤ ወዳጆች ነን ይሉ ነበር። መምህራን ሆይ፤ ከኀፍረት የተነሣ ከቅዳሴ የቀረውን ሰው ስሙን በክፍል ውስጥ ምሳሌ አድርጋችሁ አታንሡት፤ ወደ ቤቱ ሂዱ። ደግሞ ቢወድቅ ደግማችሁ ሂዱ። ወደ ምሥጢረ ንስሐ ለመቅረብ እግሩ ሲከብደው አብራችሁት ተራመዱ።

ከውድቀታችን ሊያነሣን እስከ መቃብር የወረደው ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ለወደቁት የመነሣትን ጸጋ፣ ለቆምነውም የመደገፍን ፍቅር ይስጠን። አሜን።