የላይ ከበደ፣ የታች ከበደ

ሁለት መንደሮችን አንድ ወንዝ ለያይቷቸው ነበር፤ ላይ መንደርና ታች መንደር ይባላሉ። ወንዙ አላሻግር ስላላቸው አይተዋወቁም፤ ልጅ ሲሰይሙም አይማከሩም። በላይም ከበደ አለ፣ በታችም ከበደ አለ። እትዬ አስካለም በሁለቱም መንደር አሉ። ማንም አልተቸገረበትም።

ኋላ ድልድይ ተሠራ። የላዩ ከበደ ለታቿ እትዬ አስካለ ጤፍ ሊሸጥ ፈልጎ ልጁን «ሂድ፣ ለእትዬ አስካለ ጤፉ ደርሷል በላቸው» አለው። ለልጁ ግን እትዬ አስካለ ጎረቤቱ ናቸው! ልጁ ድልድዩን ሳያየው መልእክቱን አድርሶ ተመለሰ።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው «አንደኛው መንደር ስሙን ይቀይር» አሉ። የታቿ እትዬ አስካለ ብድግ ብለው «በዚህ ስም ሳበድር ኖሬ፣ ዛሬ ብቀይረው ገንዘቤን ማን ይመልስልኛል?» ሲሉ ነገሩ ቀረ።

የድልድዩ ዘበኛ ግን መላ አመጣ። ሰው በቤቱ ስሙን ይያዝ፤ ሲሻገር ብቻ «የላይ» ወይም «የታች» ይባል። ከበደ አሁን «ለታች እትዬ አስካለ» ብሎ ይልካል፤ እንዲህ የምትባል ጎረቤት ስለሌለች ልጁ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ዘበኛው ከተቀባይዋ ስም «የታች»ን አንስቶ በላኪው ስም ላይ «የላይ»ን ይጨምራል። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ሁለተኛውን ዘንግቶት ነበር፤ እትዬ አስካለ የጤፉን ዋጋ ለገዛ ጎረቤታቸው ለከበደ ከፈሉት፣ እሱም ተቀብሎ ዝም አለ።

ያልተፈታው በታሸገ ደብዳቤ ውስጥ «መልሱን ለከበደ ስጡ» ብሎ የሚጽፈው ሰው ነገር ነው። ዘበኛው የሚያየው ፖስታውን ብቻ ነው።

ድልድዩ ሁለት ቢሮዎችን የሚያገናኘው ቪፒኤን፣ ዘበኛው ራውተሩ ላይ የሚዋቀረው ኤንኤቲ ነው። ሁለቱም ቢሮዎች 192.168.1.0/24ን መያዛቸው አይገርምም፤ ብዙ ራውተር ከፋብሪካ ይዞት ይወጣል፣ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1918 ደግሞ ይህን ክልል ማንም ሳያስፈቅድ በግቢው እንዲጠቀምበት ትቶታል። የላዩ ቢሮ ኮምፒውተር የታቹን ፕሪንተር፣ 192.168.1.20ን፣ ሲፈልግ እዚሁ ያለ መስሎት በኤአርፒ ይጣራል እንጂ ለራውተሩ አያስረክብም። ፋየርዎሉ ላይ ዱካ የሚጠፋው ለዚህ ነው፤ ስንቱ ባለሙያ ቪፒኤኑን ሲነቅልና ሲተክል የሚውለውም ለዚሁ።

ላዩ ቢሮ ለማዶ ሰዎች 10.50.1.0/24፣ ታቹ 10.60.1.0/24 ሆኖ ይታይ፤ አንድ ለአንድ፣ የመጨረሻው ቁጥር ሳይነካ። የታቹ ፕሪንተር ከላይ ሲጠራ 10.60.1.20 ይሆናል። በብዙ መሣሪያዎች ኤንኤቲው ከማመስጠሩ ቀድሞ ስለሚሠራ በቪፒኤኑ ደንብ ውስጥ የሚጻፉትም አዲሶቹ አድራሻዎች ናቸው፤ አሮጌዎቹን የጻፈ ሰው የቪፒኤኑ ዋሻ (ተነል) ቢከፈት እንኳ ምንም ሲያልፍበት አያይም።

የታሸገው ደብዳቤ ደግሞ ሲፕ ስልክ ነው፤ አድራሻውን በመልእክቱ ሆድ ውስጥ ይዞ ስለሚሄድ ስልኩ ይጠራል፣ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው አይሰማም። ፖስታ ቀዳጅ ራውተሮች አሉ፤ አስተካከልኩ ብለው ብዙ ጊዜ ያበላሹታል። እኔ የምመክረው የስልክ ሰርቨሩንና ስልኮቹን ብቻ ለይቶ በሁለቱም ቢሮ ወደሌሉ አድራሻዎች ማዛወር ነው፤ የቀረው ኔትወርክ ቁጥሩን የሚቀይርበት የእረፍት ቀን እስኪገኝ ድረስ በኤንኤቲው ይቆይ።