ሕመምን አንደብቅ



ጌታችን አሥሩን ለምጻሞች ራሳቸውን ለካህናት እንዲያሳዩ ላካቸው፤ ሲሄዱም ነጹ። ተመልሶ ያመሰገነው አንዱ ባዕድ ሰው ነበር (ሉቃስ 17)። እኛ የማጂ ወጣቶች ግን ትኩሳት ቤታችን ሲገባ «ሰው ምን ይለናል?» ብለን በር እንዘጋለን።

ከ1953 እስከ 1955 ዓ.ም. ቢጫ ወባ በኦሞ ወንዝ አካባቢና በደቡብ ምዕራብ አገራችን በግምት 30,000 ሰው ፈጀ። ትንኟ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠሎች ግርጌ በሚጠራቀም ውኃ ትራባለች፤ በሽተኛውን ነክሳ ጎረቤቱን ትነክሳለች፤ ድንበርም አታውቅም።

ዛሬ ክትባት አለ። እንግዲህ ትኩሳት ይዞት ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው ስናይ፣ ከድንበር ማዶ የመጣ እንግዳም ቢሆን፣ ሳንሸሽ ለጤና ጣቢያ ፈጥነን እንንገር። ጸሎታችን ይህን አይከለክለንም፤ ያዘናል እንጂ። አሜን።