ጥፋቱ የሰውዬው ነው ወይስ የሰፈሩ?

ሰው በስኳር ወይም በልብ በሽታ ሲያዝ «ሆዱን ቢቈጣጠር ኖሮ ይህ ባልደረሰበትም» ማለት ቀላል ነው። እኔም ይህን ስል ኖሬአለሁ። ነገር ግን በአሜሪካ ስለሚኖሩት፣ ትውልዳቸው ከሜክሲኮ፣ ከፖርቶ ሪኮ፣ ከኩባና ከመሰሎቻቸው አገሮች ስለሆነው ሰዎች የተጻፈውን ካነበብሁ በኋላ፣ ፍርዴ የተቻኰለ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ከ2008 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች በብሮንክስ፣ በቺካጎ፣ በማያሚና በሳን ዲዬጎ ከ16,000 የሚበልጡ ሂስፓኒክ የሚባሉ ሰዎችን መረመሩ። ከመቶው 17 ያህሉ የስኳር በሽታ ተገኘባቸው። በአሜሪካ የኖሩበት ዘመን በረዘመ መጠንም በሽታው በዝቶ ታየ። ሥጋና ደማቸው ያው ነው፤ የተለወጠው አገሩና ኑሮው ነው።

ብሮንክስን እንመልከት። ከ1948 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. በተሠራው ታላቅ የመኪና ጐዳና ምክንያት ብዙ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ሰፈሮችም ለሁለት ተከፍለዋል። በዚያ ዳር የሚኖር ሰው ጢሱን ይተነፍሳል፤ ጢሱም ልብንና የደም ሥርን ይጎዳል። ጫጫታው እንቅልፍ ይነሣዋል፤ እንቅልፍ ማጣትም የደም ግፊትን ያሳድጋል። እንዲህ ያለውን ሰው «ወጥተህ በእግርህ ተንሸራሸር» ብንለው፣ ወዴት ይሂድ?

«በዚያው ሰፈር ጤነኛ የሆነም አለ፤ ስለዚህ ጥፋቱ የፈቃድ ድካም ነው» የሚል ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ ነገር አለ። ከ1994 እስከ 1998 እ.ኤ.አ. በአምስት የአሜሪካ ከተሞች፣ ልጆች ያሏቸው 4,498 ድኾች ሴቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ አብዛኞቹ ጥቍሮችና ሂስፓኒኮች ነበሩ። ለአንደኛው ክፍል፣ ድኽነት ወዳልበዛበት ሰፈር ለመዛወር የሚረዳ የቤት ኪራይ ድጎማ ተሰጠ። ዕጣው የቤት እንጂ የምግብ ምክር አልነበረም። ከ10 እስከ 15 ዓመት ቈይቶ ሲመረመሩ፣ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ በእነዚህ ዘንድ ከልክ ያለፈ ውፍረትና የስኳር በሽታ ከመቶ ከ3 እስከ 5 ያህል አንሶ ተገኘ። ዕጣ የሰውን ጠባይ አይመርጥም፤ ስለዚህ ልዩነቱን ያመጣው የፈቃድ ብርታት ነው ማለት አይቻልም።

ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው፤ ሰፈር ሁሉን አያደርግም። ስለዚህ ሰው ለገዛ አካሉ ያለበት ኀላፊነት አይሻርም። ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እኔ የምለው ይህ ነው፤ ራስህን ስትመረምር ከፈቃድህ ጀምር፤ ጎረቤትህን ስትመረምር ግን ከደጃፉ ጀምር። ብዙዎቻችን የምናደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ለራሳችን ሰፈሩን ምክንያት እናደርጋለን፤ በሌላው ላይ ግን ፈቃዱን እንከስሳለን። ነገ መሐንዲስ ወይም የከተማ ሹም ሆነህ በወረቀት ላይ መንገድ ስታሰምር፣ ያ መሥመር በማን ደጅ እንደሚያልፍ አስቀድመህ ጠይቅ።