የሰላጣው ዘይትና የጾሙ ሒሳብ

ከሳሪስ ወደ ቃሊቲና አቃቂ በሚወርደው የፋብሪካ ሰፈር፣ በጾም ወራት ምሳ ሰዓት ሲደርስ በያይነቱ የሚያቀርብ ምግብ ቤት ሁሉ ከሽሮውና ከምስሩ ጎን ሰላጣ ጣል ማድረጉ አይቀርም። ቅጠሉ ተቆራርጦ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፎበት፣ ሎሚ ይጨመቅበታል ወይም አቼቶ ጠብ ይደረግበታል፤ ከዚያ ዘይቱ ይንቆረቆርበታል። ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል ስለሌለበት በጾም ሕግ ሲመረመር አንዳች ነቀፋ አይገኝበትም። ሚዛን ላይ ወጥቶ ቁጥሩ ያስደነገጠው ሰው ግን ሌላ ምርመራ ያደርጋል። መቶ ግራም የሰላጣ ቅጠል ያለው 15 ካሎሪ ገደማ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን፣ የኑግም ይሁን የሱፍ ወይም ውዱ የወይራ፣ ወደ 120 ካሎሪ ይጠጋል። ሦስት ማንኪያ የፈሰሰበት ሰላጣ እንግዲህ ቅጠል የገባበት ዘይት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ክብደቱን የሚጠብቅ ጾመኛ እዚህ ላይ የሚገጥመው ጥያቄ ከወጥ ቤት ያልፋል፦ እጁን ከዘይቱ ሲሰበስብ የሚያደርገው ጾም ነው ወይስ ዳየት? በእኔ እምነት መልሱ ሳህኑን በማየት አይገኝም። ከሳህኑ የተቀነሰው የት ገባ ተብሎ ሲጠየቅ ነው የሚገኘው።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሰባት የአዋጅ አጽዋማት አሏት። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹ፣ ረቡዕና ዓርብም ሲታከሉበት ለምእመኑ የዓመቱ ግማሽ ያህል ጾም ይሆናል። ሥርዓቱ በዋናነት የሚወስነው ሁለት ነገር ነው፤ የምግቡን ዓይነትና የመብያውን ሰዓት። ማንኪያ አይቆጥርም። የግሪክ ኦርቶዶክሶች ጠበቅ ባሉት የጾም ቀኖቻቸው ዘይትን ራሱን ይከለክላሉ፤ በእኛ ዘንድ ከተክል የወጣ ዘይት የተፈቀደ ነው፣ በሰሙነ ሕማማት በገዛ ፈቃዳቸው የሚተዉት ቢኖሩም። ይህ ቸርነት የራሱ ጥበብ አለው፤ የቀን ሠራተኛና የምታጠባ እናት በሚኖሩበት አገር ግማሽ ዓመት ዘይት ቢከለከል ማን ይዘልቀው ነበር? ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲደነግግ ዓላማውንም ያስቀምጣል፦ የፍትወት ኃይል እንዲደክምና ሥጋ ለነባቢት ነፍስ እንዲታዘዝ። በዚህ ዓላማ ሲለካ በቅቤ የጠገበና በዘይት የጠገበ ሆድ ብዙም አይራራቁም። ሕጉ ዓይነቱን ወስኖ መጠኑን ለሰውየው ኅሊና ተወለት፤ ኅሊናው ደግሞ የተፈቀደ ነገር ሁሉ በፈለገው ልክ የተፈቀደ መስሎት ተኛ። ከጎረቤቱ ከእስልምና በኩል ቢጠይቅ መጠን ዋና ጉዳይ ሆኖ ያገኘዋል፤ ቁርኣን በአል-አዕራፍ ምዕራፍ መብላትንና መጠጣትን በፈቀደበት አፍ ከልክ ማለፍን ይከለክላል።

መመጠን ማለት ግን መንፈግ እንዳልሆነ ሳይንሱ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ2004 ከአሜሪካው የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ሰላጣን ቅባት በሌለው ማጣፈጫ የበሉ ሰዎች በቅጠሉና በካሮቱ ውስጥ ካሉት ካሮቲኖይዶች፣ ማለትም ሰውነት አንዳንዶቹን ወደ ቫይታሚን ኤ ከሚቀይራቸው ቀለማት፣ ከሞላ ጎደል ምንም እንዳላገኙ አሳይቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንደ ካኖላ ያለ ዘይት ከተመረጠ 3 ግራም እንኳ ብዙ ሥራ እንደሚሠራ ተገነዘቡ፤ ይህ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ዘይቱን ጨርሶ የሚያባርር ዳየተኛ እንግዲህ የቅጠሉን ጥቅም አብሮ ያባርረዋል፤ የሚያንቆረቆረው ደግሞ ጥቅሙን ካገኘ በኋላ ትርፉን ወገቡ ላይ ይሸከማል። ከሱፐርማርኬት ቅባት የለሽ ተብሎ የሚሸጠው ጠርሙስም መፍትሔ አይደለም፤ ጣዕሙ ሲጎድል ብዙ ጊዜ ስኳርና ጨው ይተካበታል። ማዮኔዝ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ወደ 90 ካሎሪና ከዚያም በላይ ከመያዙ ሌላ፣ እንቁላል ስላለበት በጾም ቀን ራሱን ያገለለ ነው። እውነቱን ለመናገር የሚሻለው ማጣፈጫ ከእናቶቻችን ጓዳ ጠፍቶ አያውቅም። ሰናፍጭ ተፈጭቶ በውሃ ሲበጠበጥ አፍንጫን የሚሰነፍጥ ኃይሉ በዘይት የሚፈለገውን ጣዕም ያለ ዘይት ይሰጣል። ሱፍ ተወቅጦ በውሃ ተበጥብጦ ሲጠለል፣ ተልባም ተቆልቶ ሲደቅቅ፣ ጥቂት ፍሬ ለብዙ ሰው ይዳረሳል። እርግጥ ሱፍም ተልባም ቅባት አላቸው፤ ልዩነቱ ቅባቱ ከቃጫውና ከፕሮቲኑ ጋር መምጣቱ፣ በውሃም መቅጠኑ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ የተደቆሰ ቃሪያ፣ ደህና አድርጎ የተጨመቀ ሎሚ፣ ለአንድ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ የኑግ ዘይት፤ ከዚህ በላይ ሰላጣ የሚጠይቀው ነገር የለም። ገበያውን ያጥለቀለቀው የሚረጋው የፓልም ዘይት ለዚህ አይሆንም፤ ግማሽ ያህሉ የልብ ሐኪሞች የሚጠነቀቁለት ዓይነት ቅባት ነው፣ ቀዝቃዛ ቅጠል ላይም አያምርም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ዳየት ነው። ጾም ለመሆን ምን ይጎድለዋል? ስለ ጤናማ አመጋገብ በሃይማኖት ቋንቋ የሚናገሩ ሰዎች ነቢዩ ዳንኤልን መጥቀስ ይወዳሉ፤ የንጉሡን ማዕድ ትቶ ጥራጥሬና ውሃ መረጠ ይላሉ። ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያነበበ ግን ከዐሥር ቀን በኋላ ዳንኤልና ጓደኞቹ የተመሰገኑት ቀጥነው እንዳልሆነ ያያል፤ የንጉሡን ምግብ ከበሉት ይልቅ ሰውነታቸው ሞልቶ ተገኘ። ለክብደት ቀናሽ ደጋፊ ይሆናል የተባለ ምስክር ሚዛኑን ወደ ላይ ገፋው! ዳንኤል የቀነሰው ለሰውነቱ ቅርጽ ብሎ አልነበረም። የተሻለው ምስክር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ኖላዊ ሄርማስ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ በግእዝ ተተርጉሞ በአገራችን የኖረ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1860 አንቷን ዳባዲ ግእዙን ላይፕሲግ ላይ አሳትሞታል። በዚያ መጽሐፍ ስለ ጾም የተሰጠው ትምህርት በጣም የሒሳብ ሰው ትምህርት ነው፦ በጾምህ ቀን ልትበላው የነበረውን ምግብ ዋጋ አስላ፣ ያንኑ ለመበለት ወይም ወላጅ ለሌለው ወይም ለተቸገረ ስጥ ይላል በመልእክቱ። ኢሳይያስ በ58ኛው ምዕራፍ ራስን ዝቅ ማድረግን ከእስራት መፍታትና ከእንጀራ ማካፈል ጋር ሲያያይዝ የተናገረውን ሄርማስ ወደ ሳንቲም አወረደው። ጾም ማለት በዚህ አነጋገር ከአንዱ ሳህን ተቀንሶ ወደ ሌላው ሳህን የሚሻገር ነገር ነው። ዳየት ቀንሶ እዚያው ያቆማል።

ይህን በሰላጣው ላይ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ 45 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 5። በአንድ ሳህን 40 ሚሊ ሊትር ይተርፋል፣ በ25 ሳህን አንድ ሊትር። ዐቢይ ጾምን በቀን አንድ ሰላጣ የሚበላ ሰው እስከ ፋሲካ ከሁለት ሊትር በላይ ዘይት ከራሱ ላይ ያነሣል ማለት ነው። የዘይት ዋጋ ስንቱን ቤት እንዳስጨነቀ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁለት ሊትር ትንሽ ነገር አይደለም። ይኸው ዘይት ጓዳ ውስጥ ቢቀመጥ ሰውየው ቀጠነ እንጂ ጾመ አይባልም፤ ጎረቤት ዘንድ ቢደርስ ግን ያው የወጥ ቤት ጥንቃቄ ስሙ ይለወጣል።

ለዚህ አቋም ከባዱ ተቃውሞ የሚመጣው ከኢትዮጵያ ከራሷ ነው። ደራሲነቱ ምሁራንን እስካሁን የሚያከራክረው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ፣ ዛሬ ብላ ነገ አትብላ፣ ይህን ብላ ያን ተው የሚል ሕግ ከፈጣሪ የመጣ አይደለም ብሎ ይሞግታል፤ ልቡና የሚነግረን ለሰውነታችን የሚያስፈልገውን በየቀኑ በልኩ መብላት ነው፣ ምግብም ለሕይወታችን የተፈጠረ ነው ይላል። ክርስቲያኑንም እስላሙንም አብሮ ይነካል። ዘርዓ ያዕቆብ ቢሰማ ዘይቱን ስለ ጤናህ ቀንስ፣ እግዚአብሔርን አታስገባበት ሊለን ይችላል። ግማሹን እቀበለዋለሁ፤ በየቀኑ በልክ መብላት የሚለው ምክሩ ከ55 ቀን ቅጥነት በኋላ በፋሲካ ሳምንት በዶሮና በቁርጥ ሁሉን ከሚመልሰው ልማዳችን የበለጠ ለልብም ለደም ግፊትም ይበጃል። ግን እያንዳንዱ ሰው ለሰውነቱ የሚያስፈልገውን ብቻ ቢያይ፣ የጎረቤቱ ሰውነት የሚያስፈልገውን የሚያይለት ማን ነው? የጋራ ጾም ትልቁ ጥቅሙ ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድ ወቅት ወደ አንድ ማዕድ ማቅረቡ ነው፤ የግል ልቡና ይህን አያደርግም።

ሁለተኛው ተቃውሞ የመነኮሳት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሮም ጳጳስ የነበረው ታላቁ ጎርጎርዮስ ሆዳምነትን በአምስት ከፍሎታል፤ ያለ ሰዓቱ መብላት፣ ውድ ነገር መፈለግ፣ ማብዛት፣ መስገብገብና አመራረጥ ማብዛት። የመጨረሻው ዳየተኛን በቀጥታ ይመታል። የሱ ሳህን ትንሽ ነው፤ ግን ዘይቱ ከየት እንደመጣ፣ ሎሚው ስንት ጠብታ እንደሆነ እያሰበ ቀኑን ሙሉ በምግብ ሐሳብ ይውላል፤ አስተናጋጇንም ያመላልሳታል። እንዲህ ያለው ሰው በሆዱ ጾሞ በአእምሮው ይበላል። ወቀሳው ትክክል ነው፣ መድኃኒቱ ግን ቁጥሩን መተው አይደለም፤ አንድ ጊዜ ለክቶ ልማድ ማድረግ ነው። የሻይ ማንኪያውን ከዘይቱ አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ስለ ዘይት ማሰብ ያቆማል።

ሦስተኛው፣ ኅሊናን የሚነካው፣ በተራበ አገር ስለ ሰላጣ ማጣፈጫ መጻፍ ነውር አይደለም ወይ የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. የ2016 የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶ የሚሆኑት ከሚገባቸው በታች ቀጭን መሆናቸውን፣ ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ደግሞ 8 በመቶ መሆናቸውን ዘግቧል። አዲስ አበባ ላይ ሁለተኛው ቁጥር 29 በመቶ ይሆናል። ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ አገር ናቸው፣ አንዳንዴም የአንድ ሰፈር፤ አቃቂ ቃሊቲ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ሰላጣና የቀን ሠራተኛው ደረቅ እንጀራ በአንድ መንገድ ግራና ቀኝ ናቸው። ነውሩ ስለ ዘይቱ መናገሩ ላይ አይመስለኝም። 22ቱን ሳይጠሩ ስለ 29ኙ ብቻ መናገር ነው ነውሩ፤ ሄርማስ ያስፈለገውም ለዚህ ነው።

የአቃቂ ሰላጣ ግን ሄርማስ ያላሰበውን አንድ ዓምድ መዝገቡ ላይ ይጨምራል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የተባሉት ወንዞች ከተማዋን ግራና ቀኝ አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ላይ ይገናኛሉ፤ በመንገዳቸው የቆዳ ፋብሪካዎችን፣ የሌሎች ፋብሪካዎችንና የመጸዳጃ ቤቶችን ፍሳሽ ይቀበላሉ፤ በዚያው ውሃ ሰላጣ፣ ቆስጣና ካሮት ይጠጣሉ። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም አለው፤ ወደ መስመሩ ያልገባው ፍሳሽ ግን በወንዙ በኩል ማለፉን አልተወም። እ.ኤ.አ. በ2002 ፍሰሐ ኢታና በአዲስ አበባ እርሻዎች ቅጠላ ቅጠል ላይ ያሳተሙት ጥናት እንደ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ብረቶች ጉዳይ አሳሳቢ መሆኑን አመልክቷል፤ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ እነዚህን ወደ ውስጣቸው የመሳብ ዝንባሌ አላቸው። ሎሚና አቼቶ ቅጠሉ ላይ ካሉ ጀርሞች ጥቂቱን ይቀንሳሉ፤ በሥር በኩል ወደ ቅጠሉ የገባ ብረት ግን በሎሚም፣ በአቼቶም፣ በእጥበትም አይወጣም። ስለ ዘይቱ ማንኪያ የተጨነቀ ሰው ስለ ውሃው ካልተጨነቀ ጤናውን የጠበቀው በግማሽ ብቻ ነው።

ይህን ያወቀ የተማረ ሸማች ቀላሉን መንገድ ያውቃል፤ ሰላጣውን ከሌላ ቦታ የመጣ፣ በንጹህ ውሃ የበቀለ ብሎ ከሚሸጥለት ይገዛል፣ ዋጋው ከፍ ቢልም። በዳየት ሒሳብ ጉዳዩ እዚህ ላይ ይዘጋል። በጾም ሒሳብ ግን እሱ የተወው የወንዝ ዳር ቅጠል አይጣልም፤ ረክሶ ለሌላ ገዢ ይሸጣል፣ ያ ገዢ ደግሞ ብዙ ጊዜ መምረጥ የማይችለው ነው። ያመረተው ገበሬም ሌላ ውሃ ቢያገኝ በዚያ ባጠጣ ነበር፤ ጥፋቱ ከላይ ከሚለቀቀው ፍሳሽ እንጂ ከእርሱ ማሳ አይጀምርም። ሁለት ሊትር ዘይት ለጎረቤት መስጠት አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው ነው። የወንዙ ጉዳይ የምእመናን ጉባኤን፣ የመስጊድ ኮሚቴን፣ የፋብሪካ ባለቤቶችንና የከተማውን ባለሥልጣን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጥን ይጠይቃል፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ደግሞ ሰላጣቸውን ከሌላ ቦታ መግዛት የጀመሩት ሰዎች ድምፅ ሳይጎድል አይቀርም፣ ጉዳዩ ከሳህናቸው ወጥቷልና።