ከዋግ በፊትም በኋላም

በ2006 ዓ.ም. መኸር የግንድ ዋግ የአርሲንና የባሌን ስንዴ መታ። ዲጋሉ የተባለው ዝርያ ቢጫውን ዋግ ይቋቋማል ተብሎ በሰፊው የተዘራ ነበር፤ የመጣበት ግን ሌላኛው ዋግ ሆነ። የታመመውን አገዳ የዳሰሰ እጅ የብረት ዝገት የመሰለ ቀይ ዱቄት ይዞ ይመለሳል። ዋጉ የሚጸልየውን ገበሬ ማሳ ከማይጸልየው አልለየም። ጸሎትን በውጤቱ ለሚመዝን ሰው ይህ ከባድ ማስረጃ ነው፤ በ«እግዚአብሔር ያውቃል» ብቻ ሊታለፍም አይገባም።

ሆኖም ወንጌል ራሱ ጸሎትን በዚህ ሚዛን አያስቀምጥም። በሉቃስ 18 ዳኛውን የወተወተችውን መበለት እየጠቀሱ «እናንተም እግዚአብሔርን ወትውቱት» የሚሉ ሰባክያን ምሳሌውን የገለበጡት ይመስለኛል፤ ዳኛው ዐመፀኛ ነው፣ የተነገረውም እግዚአብሔር እንደ እርሱ ስላይደለ ነው። ጳውሎስ የሥጋው መውጊያ እንዲርቅለት ሦስት ጊዜ ለምኖ አልራቀለትም። በማቴዎስ 26 ደግሞ የጌታ የመጀመሪያ ጸሎት፣ ፈቃዱን ለአባቱ እየሰጠም፣ ጽዋው እንዲያልፍ ይለምናል፤ ሁለተኛው ጽዋው ሳይጠጣ የማያልፍ ከሆነ ወደሚለው ይሻገራል፤ ሦስተኛው ያንኑ ይደግማል። ጽዋው አላለፈም። ያ ጸሎት ከንቱ ነበር የሚል ክርስቲያን ግን አላውቅም። የመትጋት ፍሬ ለማኙ የተሰጠውን ለመቀበል መብቃቱ ነው።

«ታዲያ ያንኑ መደጋገም ጌታ በማቴዎስ 6 የነቀፈው አይደለም ወይ?» ይባላል። እዚያ የተነቀፈው ቃል በማብዛት እንሰማለን የሚለው እምነት ነው፤ ይኸውም ያው የውጤት ሚዛን ነው። መቁጠሪያ ይዞ አርባ አንድ ጊዜ እግዚኦ እያለ ልቡ ገበያ የሚውል ሰው መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ሥርዓቱን ትቶ በፍርሃት ብቻ የሚጸልይ ሰው ከፈራው ነገር ሌላ የሚያነሳው የለውም፤ ሥርዓት ያለው ጸሎት ግን ምስጋናውንም፣ ጎረቤቱንም፣ ሙታኑንም ያስታውሰዋል። የሰኞ ውዳሴ ማርያም ስንዴው ቢያምርም ቢመታም የሰኞ ነው።

ጸሎት ያሰንፋል ለሚሉት መልሱ አጭር ነው። ዋግን የሚመክተው በአሰላ አቅራቢያ ያለው የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የሚያወጣው ዝርያና በወቅቱ የሚረጭ መድኃኒት ነው፤ እየጸለየ የማይረጭ ገበሬ እግዚአብሔርን እየተፈታተነ ነው። መድኃኒቱ ሳያድነው የቀረ ማሳ ባለቤት ግን በማግስቱም የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሚመገቡ ልጆች፣ ምርቱ የተረፈለት ጎረቤት አለው። ያለ ምሬት ጎረቤቱን እንኳን ደስ አለህ ማለት አለበት፤ ይህን ደግሞ በዚያን ቀን ጸሎት የጀመረ ሰው በአንድ ሌሊት አይማረውም።