ተጽናንቶ ማጽናናት

የስብከቱ ክፍል፦ 2ኛ ቆሮንቶስ 1፥3–7



ሐዋርያው ጳውሎስ ይህን መልእክት ሲጽፍ በእስያ ያገኘውን መከራ አልሸሸገም። ከአቅሙ በላይ እንደ ከበደበት፥ ለሕይወቱም እንኳ ተስፋ እንደ ቆረጠ ገልጦ ተናገረ። ነገር ግን የመከራውን ታሪክ ከመተረኩ አስቀድሞ መጽናናትን አነሣ፤ እግዚአብሔር የሚያጽናናን እኛም ሌሎችን ለማጽናናት እንድንችል መሆኑን አስተማረ። እንግዲህ በዚህ ክፍል ሦስት ነገር በተራ ቆሞ እናገኛለን፦ መጀመሪያ መከራ፥ ቀጥሎ መጽናናት፥ በመጨረሻም ማጽናናት። ከመከራ ወደ ማጽናናት በአንድ እርምጃ ለመዝለል የሚወዱ ብዙዎች ናቸው። ቃሉ ግን መካከለኛውን እርምጃ እንዳንተወው ያስጠነቅቀናል።

አንደኛ፤ መከራው እውነተኛ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በጎረቤታችን በኬንያ ዋና ከተማ በናይሮቢ፥ የሞይ ጎዳናና በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የተጠራው ጎዳና በሚገናኙበት ስፍራ፥ በአሜሪካ ኤምባሲ አጠገብ ቦምብ ፈነዳ። 213 ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቆሰሉ። ከታላቁ ፍንዳታ ጥቂት ቀደም ብሎ ሌላ ድምፅ ተሰምቶ ስለ ነበር፥ ብዙዎች ምን እንደ ሆነ ለማየት ወደ መስኮት ቀርበው ነበር፤ የመስታወቱም ስብርባሪ ዓይናቸውን አጠፋው።

የማይታየው ቁስል ግን ከሚታየው ይልቅ ብዙ ነበር። ከፍንዳታው በኋላ ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ሐኪሞች 2,883 ኬንያውያንን በጽሑፍ ጠየቁ። ከመቶው 35 በሚሆኑት ላይ ዛሬ ትራውማ የምንለው የመንፈስ ቁስል ምልክቶች ተገኙ። በዚህ ቁስል የተያዘ ሰው ያለፈው ነገር በሕልሙ ይመለስበታል፤ በር ሲመታ ይደነግጣል፤ በሰላም አገር ተቀምጦ ልቡ በጦር ሜዳ ያድራል። ቁስሉ ከበዛባቸውም መካከል የደረሰባቸውን ለወዳጅ ያልተናገሩት እንደሚገኙ ያው ጥናት ገለጠ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉት ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፤ መጽናናት ጊዜ ይፈልጋል።

ነቢዩ ኤልያስ ከኤልዛቤል ፊት ሸሽቶ ከክትክታው በታች ሞትን በለመነ ጊዜ፥ እግዚአብሔር ወዲያው አልገሠጸውም። እንዲተኛ ፈቀደለት፤ እንጎቻና ውኃም ላከለት፤ እንደ ገናም አስተኛው፥ አበላውም። በኮሬብ ዋሻም በዚያ ምን እንደሚያደርግ ሁለት ጊዜ ጠየቀው፤ ኤልያስም ያንኑ ኀዘኑን ሁለት ጊዜ ተናገረ፥ እግዚአብሔርም ሁለት ጊዜ ሰማው። ከዚህ በኋላ ብቻ ወደ ሥራው መለሰው። ዛሬ ይህን ቁስል የሚያክሙ አዋቂዎችም በዚህ ቅደም ተከተል ይሄዳሉ፦ አስቀድሞ ለተጎዳው ሰው ዕረፍትና ደኅንነት፥ ቀጥሎ ታሪኩን ቀስ በቀስ መናገር፥ በመጨረሻም ወደ ሰዎች ኅብረትና ወደ ኑሮ መመለስ።

በዩጋንዳ በስደት ለነበሩ ሱዳናውያን በተሰጠው አንድ የሕክምና ዓይነት፥ የተጎዳው ሰው ገመድ በምድር ላይ ይዘረጋል፤ ገመዱም ዕድሜው ነው። ደስ ባለው ዘመን ላይ አበባ፥ በተጨነቀበት ዘመን ላይ ድንጋይ ያኖራል፤ ከዚያም አንዱን ካንዱ እያያያዘ ይናገራል። ድንጋዩ አይጣልም፤ ነገር ግን ስፍራው ይታወቃል። ገመዱም ከድንጋዩ አልፎ እንደሚሄድ ሰውዬው በዓይኑ ያያል።

ጌታችንም ከሙታን ከተነሣ በኋላ ለቶማስ እጆቹንና ጎኑን አሳየው። ምልክቱ አልጠፋም፤ ደሙ ግን መፍሰሱን ትቶአል። የሚደማ ቁስል የሌላውን ቁስል ሊያጥብ አይችልም፤ የዳነ ጠባሳ ግን ለሌላው ምስክር ይሆናል።

ሦስተኛ፤ የተጽናና ሰው ያጽናና።

በዚያ ፍንዳታ ሁለቱን ዓይኖቹን ያጣው ዳግላስ ሲዲያሎ ኋላ ዓይነ ስውር ሆኖ ኪሊማንጃሮ ተራራን ወጣ፤ ስለ ይቅርታና ስለ ሰላምም በአደባባይ ተናገረ። በዚያችው ከተማ ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር የናይሮቢ የሴቶች ሆስፒታል በ2001 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። በዚያው ዓመትም ተደፍረው ወይም በቤታቸው ተደብድበው ለሚመጡ ሰዎች ማገገሚያ ማዕከል አቋቋመ፤ ሕክምናና ምክርም ያለ ዋጋ እንዲያገኙ አደረገ።

ወደ እንዲህ ያለ የምክር አገልግሎት ከሚገቡት ብዙዎች ራሳቸው መከራ ያዩ ናቸው። ይሁን እንጂ መከራ ማየት ብቻውን አማካሪ አያደርግም። እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ የራሱን ቁስል ለሌላ አማካሪ ይገልጣል፤ ይማራል፤ ከሠለጠነም በኋላ ሥራውን በሚመለከትለት አዋቂ ሥር ይሠራል። ምስጢር ይጠብቃል። የሌላው ታሪክ በሚነገርበት ሰዓት የራሱን አያስቀድምም። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር በመሬት በተቀመጡ ጊዜ መልካም አደረጉ፤ ስሕተታቸው የጀመረው ምክንያቱን እናውቃለን ብለው አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው።

ወዳጆች ሆይ፤ ይህ ነገር የሩቅ አገር ወሬ አይምሰለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን አገራችን በነበረው ጦርነት በትግራይ፥ በአማራና በአፋር ስንት እናቶች ልጆቻቸውን ቀበሩ! ስንት እኅቶች ተደፈሩ! እኛም አይዞሽ፥ እግዚአብሔር ያጽናሽ እንላለን፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ሠልስት ካለፈ በኋላ በሯን የሚያንኳኳ ማን ነው? የደረሰባትን ልትናገር በጀመረች ጊዜ፥ እርሺው፥ ይቅር በዪ፥ ለሰውም አታውሪ ብለን አፏን የምንዘጋ ከሆነ፥ ድንጋዩን ከገመዱ ላይ አንሥተን በደረቷ ላይ አኖርነው ማለት ነው። ይቅርታ የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፤ በጥድፊያ የሚሰበሰብ ግብር አይደለም።

ስለዚህ በየማኅበራችን ለመስማት የታገሡ፥ ምስጢርም የሚጠብቁ ሁለት ሦስት ሰዎች ይመረጡና ከአዋቂዎች ይማሩ። ቁስሉ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ወደ ሐኪም ይምሩ፤ ጸሎትና ሕክምና አይጣሉምና። ከእናንተም መካከል ዛሬ ቁስሉ የሚደማ ቢኖር፥ ሌላውን ለማገልገል አይቸኩል። ከክትክታው በታች ይረፍ፤ እንጀራውን ይብላ፤ ታሪኩንም ለታመነ ሰው ይንገር። የአገልግሎቱ ቀን ይመጣል።

እንጸልይ። የርኅራኄ አባት ሆይ፤ ልባቸው የተሰበረውን በቅርብ ሆነህ ስማቸው። ለእኛም የሚሰማ ጆሮና የሚታገሥ ልብ ስጠን፤ ከአንተ የተቀበልነውን መጽናናት ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እንድናካፍል እርዳን። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፤ አሜን።