የምድርን አደራ ለልጆቻችን ስናስተምር

በቢቸናና በሞጣ አገር፣ ቀድሞ መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ይባል በነበረው በ7ኛና በ8ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ስለ አፈር መሸርሸር፣ ስለ ደን መመናመንና ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በትምህርት ቤት ይማራል። ወደ ቤቱ ሲመለስ ግን አባቱ በጤፍ ማሳው ላይ ባሕር ዛፍ ሊተክል ሲቆፍር፣ እናቱም ለማሳው ፍግ ሊሆን የሚገባውን ኩበት ስታነድ ያገኛል። ትምህርቱ እውነት ከሆነ ወላጆቹ በደለኞች ናቸውን? ይህ ጥያቄ ልጁን በሰንበት የምንቀበለውን እኛንም የሚመለከት ነው።

ነገሩን በሚዛን እንመልከተው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ አዲስ አበባ በማገዶ እጦት በተቸገረች ጊዜ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል። ከእርሱ ማገዶ ያገኘ ቤተ ሰብ ኩበቱን ለማሳው ሊያተርፍ ይችላል። በሌላ ወገን ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ፣ በምንጭ አጠገብ ወይም በማሳ ዳር ሲተከል ምንጩንና የጎረቤትን ሰብል ይጎዳል። ቢሆንም አባትየው ችግኙን ሲተክል የሚያስበው የልጁን የደብተርና የልብስ ገንዘብ ነው። ይህን ያልተረዳ ትምህርት ልጁን በወላጆቹ ላይ ከሳሽ አድርጎ ያስነሣዋል፤ አባትና እናትን ማክበርንም ያስረሳዋል።

ይህ ማለት ግን ዝም እንበል ማለት አይደለም። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከጮቄ ተራራ የሚፈልቁት ወንዞች በክረምት ደፍርሰው ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። «ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል» ይባላል፤ ይዞ የሚሄደው ግን ግንድ ብቻ ሳይሆን የእርሻችን አፈር ጭምር ነው። በሱዳን እ.ኤ.አ. በ1966 የተሠራው የሮዜሬስ ግድብ በደለል ምክንያት ከመያዣው ከፊሉን አጥቷል፤ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የራሳችን ታላቁ የኅዳሴ ግድብም ከደለል ሥጋት ነፃ አይደለም። ስለዚህ በተዳፋት መሬት ላይ እርከን የሚሠራ ገበሬ፣ ፊቱን አይቶት ለማያውቀው ለሩቅ ሰው ጭምር ይሠራል።

በዚህ ጊዜ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። «ዓለምን ያሞቀው የባለጸጎች ፋብሪካና መኪና ሆኖ ሳለ፣ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ ስለ ምን ይጠየቃል?» የሚል ነው። ተቃውሞው እውነት አለው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 «ውዳሴ ለአንተ ይሁን» በተባለው መልእክታቸው፣ ባለጸጎች አገሮች ለድኾች የሚከፍሉት ዕዳ እንዳለባቸው አስተምረዋል። ነገር ግን በደልና አደራ አንድ አይደሉም። በደል ያጠፋውን ሰው ይከተላል፤ አደራ ግን የተረከበውን ይይዛል። የሰው ከብት የተረከበ እረኛ ጅቡን እርሱ ባያመጣውም ከብቱን ከጅብ ይጠብቃል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን በደጃችን አለ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ የሚገኘው፣ ጎጃምን ከጎንደር ያገናኝ የነበረው ሰባራ ድልድይ በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው፤ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ግን መካከሉ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት መንገደኛው በገመድ ታስሮ፣ የአገሩ ሰዎች ከወዲህና ከወዲያ እየሳቡት ይሻገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 አንድ አሜሪካዊ ይህን በመጽሔት ፎቶግራፍ አይቶ ልቡ ተነካ፤ በተከታዩም ዓመት ስብራቱ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ተጠገነ። ገመዱን የሚስቡትም ሆኑ ከሩቅ የመጣው ሰው ድልድዩን አላፈረሱትም፤ ሆኖም ሁሉም እንደየዐቅማቸው ሸክሙን ተሸከሙ።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ትምህርታችን በወቀሳ አይጀምር። ከዝናብ በኋላ ልጆቹን ወደ ወንዝ ወስደን ድፍርስ ውኃ በጠርሙስ ይቅዱ፤ በማግሥቱ ከሥሩ የዘቀጠውን አፈር ራሳቸው ይመልከቱ። የደረቁ ምንጮች የት እንደ ነበሩ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ። በጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ተጠብቀው የኖሩትን ወይራና ጥድ አይተው፣ ዛፉን ያቆየው የትውልዶች ትዕግሥት መሆኑን ይወቁ። ከዚያም አባታቸውን አስፈቅደው፣ ባሕር ዛፉ ከምንጭ ርቆ የሚተከልበትን ቦታ አብረው ይምረጡ፤ በቦረቦሩ አፋፍም አንድ ዋንዛ ይትከሉ፤ እስኪጸድቅም ውኃ ያጠጡ።

ልጁ ወደ ቤቱ ዳኛ ሆኖ ሳይሆን የአባቱን ዶማ የሚያግዝ ረዳት ሆኖ ቢመለስ፣ ያን ጊዜ ትምህርታችን ፍሬ አፈራ እንላለን። እኛም አስቀድመን በአጥቢያችን ግቢ ያለውን መሬት እንዴት እንደያዝነው ራሳችንን እንመርምር፤ ልጆቻችን ከቃላችን ይልቅ እጃችንን ያያሉና።